ለቡላ ቤት ስንፈልግ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)



ሊቀመንበራችን «የአረጋውያን እንክብካቤ ቡድኑ ካጋጠመው ነገር አንዱን አውሪልን» ስትለኝ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ መድኃኒት መወደድ ወይም ስለ ቤት ኪራይ የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን የማወራው ስለ አንዲት ድመት ነው። ሳቁ ግድ የለም፤ ብቻ ስሙኝ። ለደጋፊዎቻችን አስቀድሜ ልናገር፤ ለዚህች ድመት ከማኅበሩ ካዝና አንድ ብር አልወጣም። የወጣው ከእኔ ኪስ ነው። ለምን ከእኔ ኪስ እንደወጣ ስደርስበት እነግራችኋለሁ። እንዲያውም ዛሬ እዚህ የቆምኩት በዋናነት እሱን ለመናገር ነው።

እማማን ስማቸውን ባልጠራም የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ተራ ገብተን የምንጠይቃቸው፣ ከግቢው በስተጀርባ ባለች አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ነበሩ። ብቻቸውን አልኩ እንጂ ከቡላ ጋር ነበሩ። ቡላን ዓይኗ ሳይገለጥ ከውኃ መውረጃ ቱቦ ውስጥ አግኝተው፣ ወተት በጥጥ እየነከሩ አጥብተው አሳደጓት። ሰባት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተዋል። እኛ ስንሄድ ቡላ አልጋ ሥር ትገባለች፤ ስንወጣ ትወጣለች። እማማም «እሷ ሰው አታበዛም» ይሉን ነበር።

በጥቅምት እማማ ከደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር እንደማይችሉ በግልጽ ነገራቸው። ልጃቸው ከሐዋሳ መጥታ እኔ ጋ ይሂዱ አለቻቸው። መድኃኒቱም፣ ምግቡም፣ የሚያነሳቸው ሰውም እዚያ አለ። እማማ ግን እምቢ አሉ። ልጅቷ ቤት ሁለት ድመቶች አሉ፤ ቡላ ደግሞ ሌላ ድመት ፊቷ ቢቆም አትችልም። «እሷን ሜዳ ላይ ጥዬማ አልሄድም» አሉ፤ አለቀ። ልጅቷ አለቀሰች፣ እኛ ለመንን፣ የንስሐ አባታቸውም መከሩ። እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቡላን እያሻሹ ዝም።

በእኛ ዘንድ ያልተፈለገች ድመት የምትሸኝበት መንገድ የታወቀ ነው። ጆንያ ውስጥ ትከተታለች፣ ርቃ ትወሰዳለች፣ ሥጋ ቤት አካባቢ ትለቀቃለች። «እዚያ የሚበላ አታጣም» ብለን ወደ ቤታችን እንመለሳለን። አንዷ እህታችን ይህንኑ ሐሳብ በቅንነት አቀረበች፤ አልወቅሳትም፣ እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር። ሰባት ዓመት ከጋቢ ላይ ያልወረደች ድመት ግን በሥጋ ቤት ደጃፍ ስንት ቀን ትቆያለች? ስለዚህ «ለጊዜው እኔ ልውሰዳት» አልኩ። እማማም እስክትለምድ ድረስ ብለው ሰጡኝ፤ እሳቸው ግን ቦታው እስኪረጋገጥ ከቤታቸው ንቅንቅ አላሉም። ልጃቸው ፈቃዷን አስረዝማ አብራቸው ቆየች።

እኔ ቤት ነብሮ የሚባል ድመት አለ። ግዙፍ ነው፣ ሰላማዊ ነው፣ ሰው ሁሉ ይወደዋል። የመጀመሪያውን ቀን ያደረግሁትን ስነግራችሁ የእንስሳት ሐኪሙ ምን ያህል እንደገሠጸኝ ይገባችኋል። ቡላን አምጥቼ ሳሎን መሐል ለቀቅኋትና «ተዋወቁ» አልኳቸው። እንደ ጎረቤት ቡና ላይ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መጋረጃዬ ይመስክር።

ሐኪሙ ካስረዳኝ ጥቂቱን ላካፍላችሁ፤ ምክንያቱም ድመት በየቤታችን አለች፣ ግን ጠባይዋን የምናውቀው በተረት ነው። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንላለን፤ ለሰው ነው የምንለው፣ ድመቷን የጠየቃት የለም። የቤት ድመት ዘሯ ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ይህ የዱር ድመት ዛሬም በአገራችን ጭምር አለ። ብቻውን ያድናል፣ ብቻውን ይበላል፣ የራሱን ክልል አስከብሮ ይኖራል። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ የሚያድነው አይጥና ወፍ ነው፣ አንዲት አይጥ ደግሞ ከአንድ አፍ አታልፍም። ውሻ የመጣው በመንጋ ከሚያድነው ተኩላ ስለሆነ ጓደኛ ይፈልጋል። ድመት ከሰው ጋር መኖር ከጀመረች ብዙ ሺህ ዓመት ሆኗታል፤ ቆጵሮስ ደሴት ላይ 9,500 ዓመት ገደማ የሆነው መቃብር ውስጥ ሰውና ድመት አጠገብ ለአጠገብ ተቀብረው ተገኝተዋል። ሰውን ለምዳለች። ሌላ ድመትን መልመድ ግን እንደ ድመቷና እንደ አስተዳደጓ ነው።

«ታዲያ ሥጋ ቤት ደጃፍ ስምንት ድመት አብረው እናይ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል፤ እኔም ጠይቄዋለሁ። እነዚያ ብዙውን ጊዜ እናት፣ ልጅ፣ እህት ናቸው፤ ምግቡ የተትረፈረፈ ነው፤ ያልተስማማችውም ወደ ሌላ ሰፈር መሄድ ትችላለች። በተዘጋ ሁለት ክፍል ውስጥ መሄጃ የለም። በዚያ ላይ ድመት ስለ ሌሎች ድመቶች የምትማረው በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ገደማ። ቡላ በዚያ ጊዜ ያወቀችው እማማን ብቻ ነው።

ሐኪሙ እንደገና ከመጀመሪያው እንድጀምር አዘዘኝ። ቡላ በአንዱ ክፍል፣ ነብሮ በሌላው። ለየራሳቸው የምግብ ሳህን፣ ለየራሳቸው የሚጸዳዱበት ሳጋቱራ፣ እንዲያውም አንድ ትርፍ። አንዷ የተኛችበትን ጨርቅ ለሌላው ማሽተት፣ ሌላው የተኛበትን ለአንዷ። በተዘጋው በር ግራና ቀኝ ማብላት። ሲረጋጉ በሩን በጣት ስፋት ከፈት አድርጎ ማስተያየት። ሳምንታት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ለብዙ ድመቶች እንደሚሠራም ነገረኝ። እኔ አምስት ሳምንት ሞከርኩ። ልጄ «እማዬ፣ ለእኔ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅሽም» አለኝ፤ ሐሰት ነው፣ ግን ይሁን።

አልሆነም። ሁልጊዜ መደባደብ ብቻ አይደለም ምልክቱ፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ነብሮ በሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይኑን ሳይነቅል ያያታል፣ እሷ ደግሞ ወደ ምግቧ መሄድ ትተዋለች። እኔ «ደህና ናቸው፣ አይጣሉም» እላለሁ። ፍራሼ ላይ ሸናች። የሆዷን ጸጉር እየላሰች እየላሰች መላጣ አደረገችው። በመጨረሻ ሁለት ቀን ሙሉ አልበላም አለች። ድመት ለቀናት ምግብ ካቆመች ጉበቷ ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪሙ «በቃ፣ ይህች ብቻዋን የምትኖርበት ቤት ፈልጉላት» አለኝ። ጥፋት የለባትም፣ ነብሮም ጥፋት የለበትም፤ ቤቱ ነው ያልሆነው።

እንግዲህ አሁን ወደ ነውሬ ልምጣ።

ታኅሣሥ ገብቷል። እማማ አሁንም ያቺው ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ብርዱ ለዳሌያቸው አልተስማማም። ልጃቸው ሥራዋ ሊሄድባት ነው። በየቀኑ ትደውልልኛለች፤ አትቆጣም፣ ትጠይቃለች ብቻ፤ እሱ ይብሳል። በዚህ መሐል አንዲት ጨዋ የሆነች የሰፈራችን እናት ድመቷን ልወስዳት እችላለሁ አለች። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሴትየዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ «እኛ ጋ አንድ ድመት አለች፤ ይስማማሉ?»

እኔም «ትለምዳለች» አልኳት።

አምስት ሳምንት በዓይኔ ያየሁትን፣ ሐኪሙ የነገረኝን ሁሉ አውቄ፣ ያቺን አንዲት ቃል አወጣሁ። እሳቸው ይዳኑልኝ ብዬ ነው። ድመቷም ከነብሮ ትገላገል ብዬ ነው። ሳስበው ደግሞ፣ እውነት ለመናገር፣ እኔው ራሴ ደክሞኝ ነበር። ለእማማ ስነግራቸው ግንባሬን ሳሙኝ። መሳማቸው እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሁለቱ ድመቶች ኩሽና ውስጥ ተያያዙ። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ልትገላግል እጇን ከተተች። ቡላ በዚያ ሰዓት ሰው አትለይም፤ የልጅቷን እጅ ነከሰች፣ በደንብ ነው የነከሰችው። ድመት ስትጣላ በመሐል እጅ አይገባም፤ ብርድ ልብስ ይጣልባቸዋል ወይም በመሐላቸው ካርቶን ይገባል። ልጆቻችሁን አስተምሩ። እኔ ለዚያች ልጅ አልነገርኳትም፤ ምክንያቱም ብነግራት ኖሮ «ትለምዳለች» ያልኩት ውሸት መሆኑ ይታወቅብኝ ነበር።

እናትየው እንደ ደንባችን ቁስሉ ላይ ቡና ነሰነሰችበት። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ መጀመሪያ ያደረገችው ቡናውን ማጠብ ነበር። ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ የመጀመሪያው ነገር ውኃና ሳሙና ነው፤ ወዲያው፣ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል፣ በሚፈስ ውኃ ማጠብ። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና። በሽታው በአገራችን በብዛት የሚመጣው ከውሻ ቢሆንም ድመትም ታስተላልፋለች፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። «ድመቷ ተከትባለች?» ተብዬ ተጠየቅሁ። አልተከተበችም ነበር። ሐኪም ጋ ስመላለስ እሱን እንኳ አላስጨረስኩም። ልጅቷ ተከታታዩን መርፌ ጀመረች፣ ድመቷም ለአሥር ቀን ተይዛ እንድትታይ ተባለ። የድመት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ቁስሉ ከላይ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ጠልቆ ይገባል፤ የልጅቷ እጅ በማግስቱ እንደ ዳቦ አበጠ፣ ሌላ መድኃኒት አስፈለገ። ከእኔ ኪስ የወጣው ገንዘብ ይህ ነው።

እነዚያ አሥር ቀናት ቡላ እኔ ቤት አንድ ክፍል ተቆልፎባት ቆየች። በየጠዋቱ በላች ወይ፣ ጠጣች ወይ፣ አካሄዷ ተለወጠ ወይ እያልኩ ሳያት ዋልኩ። በአሥረኛው ቀን ደህና ነበረች። ልጅቷም ደህና ናት፤ ዛሬ ድመት ስታይ መንገድ ትለውጣለች እንጂ። እናትየው አልሰደበችኝም። «ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ እኔም አልወስዳትም ነበር፣ አንቺም ሌላ ትፈልጊ ነበር» አለችኝ። ለዚህ ምን ይመለሳል?

ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ አስቀድሜ ክፉውን እናገራለሁ አልኩ። በቁጠባ ስብሰባችን ቀን ተነስቼ ያነበብኩትን ወረቀት ታስታውሱ ይሆናል። «ሴት ድመት፣ ሰባት ዓመቷ። ሌላ ድመት ያለበት ቤት አትገባም፤ የጎረቤት ድመት የሚመላለስበት ግቢም አይሆናትም። ሰው ነክሳ ታውቃለች፣ በድመት ጠብ መሐል ነው። እንግዳ ሲመጣ ትደበቃለች። ክትባት አግኝታለች፣ እንዳትወልድ ተደርጋለች። አይጥ መያዝ እንደምትችል አልተረጋገጠም።» የመጨረሻውን ሳነብ ሁላችሁም ሳቃችሁ። አንዷ «ገበያ ላይ ይህን ብለሽ በሬ የምትሸጪ ከሆነ ተርበሽ ትሞቻለሽ» አለችኝ።

የሚገርመው ጠያቂ አልጠፋም። እህል የምትነግድ እህታችን መጋዘኔን ትጠብቅልኝ አለች፤ መጋዘኑ ደጃፍ ግን የሰፈሩ ድመቶች ሁሉ ማደሪያ ነው፣ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሌላዋ ውሻ ነበራት። ሐኪሙ፣ ድመት የማይስማማቸው አንዳንዶች ከውሻ ጋር ይኖራሉ ቢለኝም፣ ሁለተኛ ሙከራ በቡላ ላይ ማድረግ አልፈለግሁም። ድመት ፈላጊን እምቢ ማለት ለእኔ አዲስ ነገር ነበር፤ ከአንድ ወር በፊት ብትጠይቁኝ እግራቸው ላይ ወድቄ እሰጥ ነበር።

ሦስተኛዋ ስብሰባው እስኪበተን ጠብቃ መጣች። ከቤይሩት ከተመለሰች ጥቂት ዓመት የሆናት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር፣ ከእኛ ጋር ስትቆጥብ ብዙም የማትናገር እህታችን ናት። «ወረቀቱን ስጪኝ» አለች፤ አነበበችው፤ «እኔ የአሸዋውን ሥራ አውቃለሁ» አለች። ቤይሩት የሠራችበት ቤት ውስጥ የእመቤቲቱ ድመት ነበረች፤ የሚጸዳዱበትን አሸዋ በየቀኑ የምትለውጠው፣ የምታበላው፣ ስትታመም ሌሊት የምትቀመጠው እሷ ነበረች። ያቺም ድመት ብቸኛ ነበረች። ስለ ድመት ጠባይ ከእኔ ይልቅ እሷ ለሐኪሙ ጥያቄ ስትጠይቅ ሰማሁ። እኔ ስለ መጋረጃዋ ስጨነቅ እሷ የጠየቀችው ስለ መስኮቱ ነው፤ ድመት ከፎቅ ትወድቃለች፣ ስለዚህ ሽቦ ወንፊት አስመታችበት፣ ድመቷ ሳትመጣ።

አወሳሰዷን በአጭሩ ልንገራችሁ። በጆንያ አይደለም፤ የአየር ቀዳዳ ባለው ካርቶን ነው፣ ሥሩ ላይ እማማ የለበሱት ያልታጠበ ጋቢ ተነጥፎ። ጋቢው እንዳይታጠብ አጥብቄ ተናገርኩ፤ ሽታው ነው የሚያረጋጋት። መጀመሪያ አንድ ክፍል ብቻ ተሰጣት። ሦስት ቀን ከአልጋ ሥር አልወጣችም፤ እህታችን ምግቡን አስቀምጣ፣ ወለሉ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ስልኳን ታይ ነበር እንጂ አልጎተተቻትም። በአራተኛው ሌሊት እግሯ ሥር መጥታ ተኛች። ሁለት ሳምንት የሙከራ ጊዜ ብለን ተፈራርመን ነበር፤ ካልሆነ እኔው እወስዳታለሁ፣ ማንም አይወቀስም የሚል ወረቀት። ይህ ወረቀት ለተቀባይዋም ለእኔም እንቅልፍ ሰጥቶናል።

ስለ ጾሙም አንዳንዶቻችሁ ጠይቃችሁኛል። ባለቤቷ ሁዳዴን 55 ቀን ትጾማለች፤ ድመት ግን አትጾምም። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ድመት ሥጋ ውስጥ የሚገኝ ታውሪን የሚባል ነገር በበቂ መጠን ራሷ መሥራት ስለማትችል ከምግብ ካላገኘችው ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። ሽሮ ፍትፍት ሆዷን ይሞላል እንጂ አያኖራትም። ወተትም ለብዙ አዋቂ ድመቶች ተቅማጥ ነው። በጾሙ ወቅት ከታች ፎቅ ያለችው ሙስሊም ጎረቤቷ ለራሷ ሥጋ ስትገዛ የበሬ ልብ ጨምራ እየገዛች ታመጣላት ነበር። ልብ ጥሩ ነው፣ ያ የጠቀስኩት ነገር ይበዛበታል። የተቀቀለ አጥንት ግን አትስጡ፣ ተሰንጥቆ ይወጋል። የሰው የራስ ምታት ክኒንም፣ ፓራሲታሞልን ማለቴ ነው፣ አንዲቷ እንኳ ድመትን ትገድላለች።

እማማ ሐዋሳ የሄዱት ቡላ በተረከበች በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከመሄዳቸው በፊት አራት ፎቅ መውጣት ስለማይችሉ የሰፈሩ ወጣቶች በወንበር ተሸክመው አወጧቸው። ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ የመስኮቱን ሽቦ በምርኩዛቸው ነካ ነካ አደረጉ፣ ከዚያ «ይሁን» አሉ። የልጅቷን መነከስ እኔው ነበርኩ የነገርኳቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም? እኔ እኮ አመሏን አውቅ ነበር» አሉኝ። ለካ እሳቸውንም መጠየቅ ነበረብኝ።

ለማኅበራችን የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። አረጋውያንን ስንመዘግብ የምንሞላው ቅጽ ስለ በሽታ፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ ገቢ ይጠይቃል። ሁለት መስመር ይጨመርበት፤ «አብሮዎት የሚኖር እንስሳ አለ? ቢታመሙ ማን ይረከበዋል?» ከሥሩም ስለ እንስሳው ጠባይ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ይኑር፤ ክፉውም ደጉም የሚጻፍበት። ወጪ የለውም፤ ቅጹ እንደሆን በየዓመቱ ይታተማል። አንድ ሰው ለሕክምና ከቤቱ አልወጣም ሲል ምክንያቱ አንዳንዴ አልጋው ሥር እንደተኛ እኔ አይቻለሁ። ጸሐፊያችን ረቂቁን ይዛዋለች፣ ከሻይ በኋላ እዩት።

እማማ በየእሑዱ ይደውላሉ። ባለፈው እሑድ እኔም እዚያው ቤት ነበርኩ፣ ቡና ተጠርቼ። «በላች? ወፈረች? እስቲ ድምጿን አሰሙኝ» አሉ። ቡላ ግን እኔ ስለነበርኩ አልጋ ሥር ገብታለች። እህታችን አየችኝ፤ ገባኝና ሲኒዬን ይዤ ደረጃው ላይ ወጣሁ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ትንሽ ቆይቶ የእማማ ሳቅ በስልኩ እስከ ውጭ ይሰማ ነበር።